የአውራ ጣት ቦታ

ለአባቴ የሰጠው ሙሴ ሐኪሙ ነው፤
በቅሎ ስቦለት ከርሞ ደመወዝ ሲቀረው፣
«ገንዘቡ አልደረሰም፣ ይህን ያዝ» አለው።
አበባ ማኖሪያ፣ ከፓሪስ የመጣ፣
አንገቱ የጠበበ፣ ሆዱ ግን የወጣ፤
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቤታችን መደርደሪያ
ስልሳ ዓመት ኖረ የግብር ደረሰኝ ማኖሪያ።

መልኩን እንዴት ልበል? የጦሳ ጉም ነገር፣
ወደ ታች ሲወርድ አረንጓዴ ሊሆን ሲጀምር፤
አመድ ቀልጦ ፈስሶ ሊንጠባጠብ ሲል
እዚያው ደርቆ የቀረ፣ ያልወደቀ ጠል።
ለዒድ ዋዜማ እናቴ በጨርቅ ስትጠርገው
«ጌጥ እንዳይመስልህ» ትል ነበር፣ «ዕዳ ነው።»

አምና ድመት ጥላው ከንፈሩ ቢሸረፍ
ይዤው ወረድኩ ጢጣ፣ ዝናቡ ሲያልፍ፣
ከሸክላ ሠሪዋ፣ ከሉባባ ደጅ።
አልታጠበችም፤ ጭቃ በያዘ እጅ
ተቀበለችኝና በጥፍሯ መታችው፤
ደወል ሆኖ ጮኸ። ደግማ አዳመጠችው።
«ይህስ ጭቃነቱን ረስቷል ከእሳት ብዛት።
የኔ እንስራ ላቡን ያወጣል እንደ ሰው፣
ውሃው የሚቀዘቅዝ ስለሚተነፍስ ነው።
ይህ ትንፋሹን ይዟል እንደ ዋናተኛ፤
ምን ዓይነት እሳት ነው እንዲህ የሚያስተኛ?»

ገለበጠችው። ከታች፣ እንደ ሚስማር ጭረት፣
ሁለት የፈረንጅ ፊደል፣ አንድ ቁጥር አለበት።
«ምንድን ነው?»
        «ስሙ ነው። የሠሪው።»
                «የሠሪው?»
ዝም አለች። ዶሮ ጮኸ ከጓሮው።

ከእግሩ አጠገብ ደግሞ ቀለም የሳተው ቦታ፣
ሠሪው ሲነክረው የያዘበት፤
እኔ ስልሳ ዓመት ያላየሁት፣ እሷ ባንድ አፍታ።
አውራ ጣቷን ሰደደች። አልገጠመም፤ ሰፋባት።
«ትልቅ ሰው ነበር» አለችና ሳቅ መጣባት።

ከንፈሩን ሳትነካው መለሰችልኝ፤
«የተሸረፈ አይጠገንም፣ እንዳትለምነኝ።
የኔ ቢሆን ገል ነው፣ ፍም መጫሪያ ነው፤
ይህ ስም አለበትና ሽርፉም ዋጋ አለው።»

ዳገቱን ስወጣ በጋቢዬ ሸፍኜው
ከበደኝ። ያው ዕቃ፣ ያው ሰው ነኝ፤ ምን ነው?
ቤት ገብቼ ደረሰኞቹን መለስኩበት፣
የዘንድሮውን ከላይ።

ሰኞ ገበያ ወጣሁ። እንስራዎቿ በሰልፍ
ተደፍተዋል ፀሐይ ላይ፣ ከአህያ ማሰሪያው ደጃፍ፤
የያንዳንዱ ቂጥ ላይ አንዳንድ ጎድጓዳ፣
አውራ ጣት የሚያህል፣ ሆን ተብሎ የተቀዳ።

አንዲት የኩታበር ሴት በመዳፏ ዳበሰች፤
«ነውር አለበት፣ ሁለት ብር ቀንሽ» አለች።
ሉባባ ወደኔ ሳታይ ቀነሰች።

በሳምንቱ የመጡት እንስራዎችም
ቂጣቸው ጎድጓዳ ነበር።