ሰባተኛው መስመር

ሦስት ኩባንያ ጠራሁ፤ ሦስቱም መጥተው ለኩ።
አንደኛው፣ ጫማው ነጭ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ዋጋ ቆረጠ በስልኩ።
ሁለተኛው ፏፏቴ ሊሸጥልኝ አማረው፣ በዚህ አገር!
ሰማዩ ጠብታን እንደ ብድር በሚቆጥርበት፣ በቱሳን ከተማ ዳር።
ሦስተኛው ኤውሴቢዮ ነው። ደርሶ ተንበረከከ፤
አፈሩን ዘግኖ፣ አሽቶ፣ ወደ አፍንጫው ላከ።
"ሣርዎ እንደ ሰካራም ይጠጣል" አለኝ፣
"ሥሩ ግን ሁለት ጣት ነው።" ሳቄ አመለጠኝ።
እሱን ቀጠርኩ።

ውሉ አራት ገጽ ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመት
የተማሪ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ሳላነብ አልፈርምም በምንም ዓይነት።
ሣሩ ይነቀላል። ጠጠር ይነሰነሳል።
አጋቬና ባለ እሾሁ ኦኮቲዮ ይተከላል።
ውሃው በቀጭን ቱቦ፣ በየሥሩ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
በሰዓት ሁለት ሊትር፣ እንደ ሐኪም ቤት ጉሉኮስ፣ በሒሳብ።
ገጽ ሦስት፣ ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ "ነባር መስመሮች ስድስት፤ ሁሉም ይደፈናሉ።"
ፈረምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በዋጋው መሰላቸው ሁሉ።

መስመሮቹን የቀበረው ባሌ ዌንደል ነበር፣
በአንድ በጋ፣ በዶማ፣ ላቡ ሸሚዙ ላይ ነጭ ጨው ሲያሰምር።
ካርታ ሣል ስለው "እዚህ ነው" ይላል፣ ግንባሩን ነክቶ፤
ባለፈው ኖቬምበር ካርታው አብሮት ሄደ፣ ተጠቅልሎ፣ ተዘግቶ።

የጠባችን ምክንያት አንድ ነበር፦ የውሃ ቢል።
በየወሩ ትንሽ ይበልጣል። "ቆጣሪው ነው" ይላል ዌንደል።
ለከተማው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆጣሪ አስቀየርኩ፤
እሱ ከኋላዬ ሻይ ያማስላል። ዝምታውን ድጋፍ ብዬ ቆጠርኩ።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤
ዌንደል ብቅል አይቀምስም፤ ለእሱ የታዘዘው አካፋ ኖሯል።

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሣሩን እንደ ምንጣፍ ጠቀለሉት።
አንድ የጎልፍ ኳስ፣ ከዓመታት በፊት የጠፋብኝን ማንኪያ አወጡት።
ከሰዓት ኤውሴቢዮ አንኳኳ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አቀፈ፤
"እመቤት ቨርና፣ ስድስት ብለን ነበር፤ ሰባተኛ አገኘን" አለና ለአፍታ ዐረፈ።

ቱቦውን ተከተልነው። ከጽጌረዳው ራቀ፣
በጋራዡ ጥግ ታጠፈ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ዘለቀ፣
ወጣ ወደ ጓሮው መተላለፊያ፣ የቆሻሻ በርሜሎች ወደሚቆሙበት።
እዚያ አንድ ሜስኪት አለ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያየሁት፣
ማን እንደሚያጠጣው አንድም ቀን ያልጠየቅሁት።
ከሥሩ የተገለበጠ የወተት ሣጥን፤
ፖስተኛዋ ሬኔ ጫማዋን የምታወልቅበት፣
ሚስተር ፋም ከዳያሊሲስ ሲመለስ
የመጨረሻዋን መቶ እርምጃ ለሁለት የሚከፍልበት።

እነሆ ቆሟል፣ የየወሩ ትርፍ ሒሳቤ፣ ቅጠል አውጥቶ።

መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ልዋሽ? የሞተ አይሰደብም፣
እኔ ግን ሰደብኩት፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርቼ።
ቀጥሎ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬን ዘርግቼ።
ጥላው ቀዝቃዛ ነው። ይህን አላውቅም ነበር።
ለምን ደበቀኝ? ብነግራት ትከለክለኛለች ብሎ።
እውነቱን ነው። እከለክለው ነበር።

"ይደፈን?" አለ ኤውሴቢዮ። "ውሉ ሁሉም ነው የሚል።"
እስክሪቢቶውን ተቀበልኩት። "ከሰባተኛው በቀር" ብዬ ጨመርኩ፣ ከቃሉ በላይ፣ በትንንሽ ፊደል።
ለተጨማሪው ሥራ አርባ ዶላር አለኝ። ሠላሳ አልኩት።
ለዌንደልም ቢሆን በዋጋ አልቀልድም። በሠላሳ አምስት ጨረስኩት።

አሁን ሌሊት ሰዓት መቁጠሪያው ጋራዥ ውስጥ ጠቅ ይላል፤
ከአጥሩ ማዶ፣ ማንም በማያይበት፣ አፈሩ ቀስ ብሎ ይረጥባል።
በሚመጣው ወር ቢሉ ትንሽ ይበልጣል። እከፍላለሁ።
ማንም ቢጠይቀኝ፣
ቆጣሪው ነው እላለሁ።