የሞጋው ዋንዛ

ሂርማታ ገበያ፣ ከስፌት መኪናዬ
አንገቴን ቀና ሳደርግ፣ ይለኛል ደንበኛዬ፦
«ለመሆኑ ዘሃራ፣ ወዲህ ነሽ ወይስ ወዲያ?»
(ይህን የሚጠይቅ ሰው ዋጋ ሊያስቀንስ ነው፤ አውቃለሁ በገበያ።)
መርፌውን ከከንፈሬ አውጥቼ፣ «ስማ» እለዋለሁ፣ «ስማ፤
ግማሽ ጎኔ ጅማ፣ ግማሽ ጎኔ ጎማ፤
ቦዩ የሚያልፈው በወገቤ ነው፣ ለዚህ ነው የኔ ቀሚስ
ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ወገቡ ላይ አንድ ጣት የሚያንስ።»

ነገሩ የድሮ ነው።
ንጉሥ በየመንደሩ በነበረበት ዘመን
ጅማና ጎማ መሃል ቦይ ተቆፈረ አሉን።
ከቦዩ ግራና ቀኝ ማንም የማያርሰው፣
ሞጋ የሚሉት መሬት፤ ባለርስቱ ጅብ ነው።
ኬላ ነበረበት፣ ዘብም ነበረበት፤
ዛሬ ላም ናት ተኝታ የምታመሰኳበት።
ንጉሡም አለፈ፣ ኬላውም ፈረሰ፤
ቀልዱ ብቻ ተርፎ ከኛ ሠርግ ደረሰ።

የአባቴ ወገኖች፣ የእናቴን ዘመዶች ገና ከሩቅ ሲያዩ፦
«መጡ! ጎማ እኮ ጎማ ነው፤ ነፋስ ካልሞሉበት አይቆምም» ይላሉ፣ «እዩ!
አንዲት እሾህ ብትነካው፣ ፉስስ! አለቀ ጉራው።»
የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሙስባህ፣
ጢሙን ዳበስ አድርጎ፣ «አልሐምዱሊላህ፤
እኛስ ጎማ ሆነን ሰው ካሰበበት እናደርሳለን።
እናንተን ግን አንዲት ‹ት› ናት የጎደለቻችሁ፤
እሷን የጨመሩ ቀን ጅማት ናችሁ!
ቢያኝኩት የማያልቅ፣ ቢውጡት የሚያንቅ፣
ከሥጋ ተለይቶ ለድመት የሚወድቅ።»

ዋንዛው ከቦዩ ዳር ነው። ሥሩ በኛ በኩል፣
ቅርንጫፉ ግን ተሻግሮ ለነሱ ያጠላል።
አባቴ፣ አባ ቦራ፣ ቀፎ ሰቀለበት፤
ሙስባህም በማግስቱ ሌላ ሰቀለበት።
ማር ሲቆረጥ፣ «የኛ ነው፤ ሥሩ ነው ዳኛው!»
«ሥር ማር ያፈራል እንዴ? አበባው ነው ዳኛው!»
ግብር ሰብሳቢ የመጣ ዕለት ግን፣ አባቴ ቀድሞ፦
«ኧረ የነሱ ነው!» ሙስባህ ደግሞ፣
«ወላሂ የናንተ ነው፤ በጥላው እንኳ አርፈን አናውቅም!»
ያን ቀን ያንን ዋንዛ የሚወልደው የለም።

አንድ በጋ ከወረዳ ባለሙያ መጣ፤
ጂፒኤሱን ይዞ ዛፉ ላይ ሊወጣ
(ከሥር ሳተላይት አልይዝ ብሎት)
ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ሳይደርስ፣ አገኙት።
ሲወርድ ፊቱ ድፎ ዳቦ አክሎ ነበር።
«እሺ፣» አለው አባቴ፣ «የት ላይ ነው ድንበር?»
ሰውየው ያበጠ ዓይኑን በጣቱ እያሳየ፣
«እዚህ!» ብሎ ሄደ። ተመልሶም አልታየ።
የነደፈችው ንብ የየትኛው ቀፎ ዜጋ እንደነበረች
እስከ ዛሬ ድረስ ታከራክራለች።

አባቴ ባለፈው ክረምት ሞተ።
አካፋ ይዘው ቀድመው የደረሱት የቦዩ ማዶ ሰዎች ናቸው፤
ዝናብ ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው።
ሙስባህ ጉድጓዱን ጎንበስ ብሎ አየና፣
«ጠለቅ አድርጉት፣» አለ፣ «ጠለቅ፣ እንደገና።
ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ሌሊት ተነስቶ ድንበር ይገፋል።»
በቀብር ላይ አይሳቅም። ሳቅን።
እሱ ግን አፈሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ቀረ፤
ሁለት ሰው ደግፎት ነው ያነሳው በኋላ።

ዘንድሮ ማር ተቆርጦ፣ ሱቄ መጣ። ጆክ ሙሉ አስቀመጠ ጠረጴዛው ላይ።
«የአባትሽ ቀፎ ነው። ንቦቹ ግን የኛ ናቸው፣ ልብ በይ።»
ኮቱን አወለቀ፤ ብብቱ ተተርትሯል።
«ለጎማ ሰው ስንት ነው?»
«እጥፍ ነው» አልኩት፣ እንደ ልማዴ፤
የጅማቱን ነገር እስኪያመጣ ጠበቅሁ።
ኪሱ ገባ። ቆጠረ።
ሳይከራከር እጥፉን ከፈለ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት።