የዓይን ቆብ

በአማቴ ቤት ሰዓት የለም፣ መለኪያ የለም፣ መብራትም የለም፤
ሙቀት የሚነበበው በዓይን ቆብ ነው እንጂ በቁጥር አይደለም።
እንቁላሉን ታነሳለች ከሩዙ እብቅ መካከል፣
ከጨፈነው ዓይኗ ላይ ታሳርፈዋለች እንደ ኩል።
ዝም ትላለች ትንሽ። ከዚያ፦ «ይህ በርዶታል፣ ወደ መሐል አግቢው፤
ይህኛው ጠግቧል፣ ከዳር አስተኚው፤ ያንን ገልብጪው።»

ሞይሙና ትባላለች፤ በሐዎሩ ላይ ነው የተወለደችው፤
ክረምት ሲገባ መንደሩ ደሴት፣ ማሳው ባሕር፣ ጀልባ ነው በቅሎው።
ዶሮ ያረባ ሰው እዚህ፣ የሚቀብረውን አረባ፤
ዳክዬ ነው ያገሩ ከብት፣ ጎርፍ መጣ ሲሉት የሚገባ።
ግን ለዕቅፍ ሰነፍ ናት፤ ጭቃ ላይ ጥላው ትዋኛለች፤
የጣለችውን ሰው ይታቀፋል፣ እሷ ዓሣ ታሳድዳለች።

ሁለት የቀርከሃ ቅርጫት፤ ፀሐይ ላይ የሞቀ እብቅ፤
ጥቁር ከረጢት፤ ብርድ ልብስ፤ ከታች ኩራዝ፣ ነበልባሉ ደቃቅ።
ሌሊት አራቴ እንነሳለን፣ እንደ ሕመምተኛ እናገላብጣለን፤
የጠማው ላይ ውሃ በአፋችን እፍ ብለን እንረጫለን።

ባለፈው ክረምት ሦስት መቶ አርባ እንቁላል አስገባን፣ በብድር፤
ባሌ ዳካ ሪክሻ ይነዳል፤ የሚልከው በስልክ ነው፣ በድርድር።
በአሥራ አንደኛው ሌሊት አማቴ ተነሳች፣ አንዱን ከቆቧ አስጠጋች፤
«በርዷል» አለች። የኩራዙን ክር ሳበች።
«አሁንም በርዷል።» ደግማ ሳበች።
እጄን ከረጢቱ ሥር ሰድጄ ነበር፤ ይፋጃል፤
አርባ ዓመት ላስፈለፈለች ሴት፣ «ተሳስተሻል» ማን ይላል?

ሲነጋ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ግንባሯን ነካሁት።
እሳቱ እዚያ ነበር፤ ዘግይቼ አገኘሁት።
እንቁላሉ አልነበረም የቀዘቀዘው፤ አንድም፤
ትኩሳት የያዘው ዓይን ጤነኛውን «በርዷል» ቢል አይፈረድበትም።

አንዱን ሰበርኩት በጓሮ፣ ብርሃን ሲወጣ ገና፤
ቀይ የክር መረብ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ፤ ዓይን ሠርቶ ነበርና።
ለሦስት መቶ አርባ የሚበቃ ደረቅ መሬት አልነበረም፤ ውሃው ወሰዳቸው፤
የሰው ዳክዬዎች በበራችን ሲዋኙ፣ ለሳምንት ዞር ብለን አላየናቸው።

አማቴ ስትሽር አላለቀሰችም።
የመምህሩ ልጅ መለኪያ አመጣልን፤ ብርጭቆ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ቀይ ክር ይላወሳል፤
«ይሄስ ሲታመም» አለች፣ «ግንባሩን ማን ይዳስሳል?»
ከዚያ ፊቷን ወደኔ መልሳ፣ «ነይ፣ ጨፍኚ» አለችኝ፤
ሁለት እንቁላል በሁለቱ ቆቦቼ ላይ አሳረፈችልኝ።
«የቱ ነው የሞቀው?» «የግራው።» «ልክ ነሽ። አሁንስ?» «የቀኙ።» «ዋሸሽ፤ እኩል ናቸው።
ለሁሉ መልስ አለኝ ብለሽ አትቸኩይ፤ ዝም ብለሽ ስሚያቸው።»

አሁን ሁለት ነን። እሷ የመሰላትን ትላለች፣ እኔም እላለሁ፤
ካልተስማማን፣ የተኛውን የልጄን የቱቱልን ቆብ እጠይቃለሁ።

ዘንድሮ ስልሳ ብቻ ገዛን፣ የጆሮዬ ወርቅ ተሸጦ፤
አበዳሪው በጀልባ እያለፈ ያየናል፣ አንገቱን አስግጎ፣ ጥርሱን አግጦ።
በሃያ ስድስተኛው ቀን አንዱ ከውስጥ አንኳኳ፤
ጎረቤቱ ሰማው መሰለኝ፣ መለሰ፤ አልጋው ሙሉ ተንኳኳ።
ቱቱል ቅርፊቱን ሊልጥ እጁን ሲሰድ፣ አያቱ መታችው፦
«ደሙን ገና እየጠጣ ነው። ይህ በር ከውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ተወው።»

አርባ ሰባት ወጡ። እርጥብ፣ አስቀያሚ፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ፤
ከሰዓት በኋላ ደርቀው ቢጫ ሆኑ፤ ቤቱን ሞላው ጫጫታና እብቅ።
አሥራ ሁለቱ ዝም አሉ።
የመጨረሻውን ልጥለው ስል ተቀበለችኝ፤ ወደ ቆቧ ግን አልወሰደችውም፤
መልሳ ሰጠችኝ፦ «አንቺ ንገሪኝ። እኔ ራሴን አላምንም።»

ጨፈንኩ። አሳረፍኩት። ሙቀት አለ፤ የኔ ይሁን የሱ አልለይሁም።

ከዚያ ከቅርፊቱ ማዶ፣ እንደ ጥፍር ጫፍ ያለ፣ አንዴ ቆቤን ነካ።
«በርዷል?» አለችኝ።
እጄን ዘርግቼ ዝም አሰኘኋት፤
ሰው እያናገረኝ ነበር ለካ።