የቀማሽ ምላስ

ሌሊቱን ሳልቀምስ፣ ዝናቡ ሳይባራ፣
ሆስፒታል ደረስኩኝ ከሴት ልጄ ጋራ።
ሲስተር ሽታዬ ነች፣ በብርጭቆ ሞልታ፣
ያንን ነጭ ዱቄት በማንኪያ አሟሙታ፣
«ባንድ ትንፋሽ» አለች፤ «ከዚያ ሁለት ሰዓት
ሳይነሡ ይቀመጡ፣ እዚያች አግዳሚ ላይ።»

ጠጣሁት።
ምላሴ ግን አመሏን አልተወችም፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሄርማታ ገበያ
የጌራን ማር ከሊሙ፣ የሊሙን ከሸቤ
ዓይኗን ጨፍና ስትለይ የኖረች፣
«ይሄ ማር አይደለም» ብላ ፈረደች።
አበባ የለውም። ንብ አልነካውም።
የትኛውም ጫካ ልጄ አይለውም።

ኢክራም ከጎኔ ደብተሯን ታነባለች፤
እኔ የተወጋ ጣቴን አነባለሁ።
ሁለት ሰዓት ለማር ምንም አይደለም፤
ከሰሙ ተለይቶ እስኪጠል
ስንት ሌሊት ጠብቄዋለሁ።
ለደም ግን ረጅም ነው፤ አባቴን ለማስታወስ ይበቃል፦
ሌሊት አሥር ጊዜ ጓሮ የሚያስወጣውን
ስሙን ሳያውቀው የሞተውን አባቴን፤
ሽንቱን ጉንዳን ሲከብበው አይቶ፣
«ጉንዳን እንኳ የማር ነጋዴ ያውቃል» ብሎ የሳቀውን።
እኛም አብረን ስቀን ነበር።

ጠዋት መቶ አሥራ ስምንት፣
አሁን መቶ ሰባ ስምንት።
«ስኳር ነው ወይ?» አልኳት።
«ገና ነው» አለች፤ «ደጃፍ ላይ ቆሞ
ጫማውን እያወለቀ ነው።
ግባ ካላሉት፣ ሊመለስ ይችላል።»

የወተቱንም ነገርኳት፤
አንድ ብርጭቆ ስጠጣ
ሆዴ ከበሮ እንደሚመታ።
ሁለቱን በሁለት እጇ ለየችልኝ፦
«ይሄ ይጮኻል እንጂ አይገድልም፤ እርጎ ይሞክሩ።
ያኛው ግን አይጮኽም።»

ግባ አለማለት! በጅማ!
ኮቺ ሰርግ ተጠራሁ። አባ ዋሪ
ብርዙን በጣሳ ሞልቶ፣
«ነዚፍ፣ በሞቴ!» አለኝ።
«በሞትህ ነው» አልኩት፣ «ወይስ በሞቴ?»
ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤
ጣሳውን እንደያዘ ቆየ፣
ጎንበስ ብሎ፣ በኦሮምኛ፣ ጆሮዬ ሥር፣
«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።
የሱ ሁለት ዓመቱ ነው። ኪኒኑን
ሚስቱ እንዳታይ
ሱቁ ውስጥ በሚዛን ድንጋዩ ሥር ይደብቃል።
ብርዙን ሁለታችንም አልጠጣነውም፤
ጣሳዋ በመሃላችን
ጥሪ እንዳልደረሰው ዘመድ ተቀምጣ አመሸች።

ዘይቱና መጀመሪያ ሁለት ድስት ጣደች፤
አንዱ የኔ፣ አንዱ የቤቱ።
በሦስተኛው ሳምንት አንዱን አጥባ ሰቀለችው።
ምንም አላለችም።
አሁን ሳህኑ ላይ ጎመኑ ቀድሞ ይገባል፤
እንጀራው ጥጉን ይዞ ይቀመጣል፣ እንደ እንግዳ።

ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ጭቃው ሳያግደኝ፣
ከምሳ በኋላ ዳገቱ ሲወስደኝ፣
የጅሬን መንገድ ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤
እኔ ወደ ላይ ስል ቁጥሬ ወረደልኝ።
ሁልጊዜ አይደለም።
ባለፈው ረመዳን፣ በአንድ ሳምቡሳና በሦስት ተምር፣
እንደገና ደጃፌ ላይ ኮቴውን ሰማሁት።

ሐሙስ ዕለት የጌራው ሰው
የገተማ ነጭ ማር ይዞ መጣ።
ጣቴን ነክሬ አነሣሁ፤ ክሩን አየሁ፤
እስከ ወለል ሳይበጠስ ወረደ።
አሸተትኩ።
«አይቀምሱም እንዴ?» አለ፣ ቅር ብሎት፤
ማሩን የጠረጠርኩበት መስሎታል።
«ኢክራም ትቅመስ» አልኩ።

ከጣቷ ጫፍ ላሰች። ዝም አለች።
ቅንድቧ እንደ አባቴ ቅንድብ ተሰበሰበ።
«ጥሩ ነው» አለች፣ «ግን መጨረሻው ላይ
ትንሽ ግራዋ አለበት።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እውነት ነበር።
ምላሴ አፌ ውስጥ ብድግ አለች፤
ምንም ሳትነካ፣
ልክ ናት ብላ
ተመልሳ ተኛች።