የግሥ ጭራ

ንጋት አሥራ አንድ ላይ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ሳለ፣
ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ፣
አራተኛ ሆኜ ሦስት ሰው በሚይዝ ወንበር፣
ሐረጎን እወርዳለሁ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር።

ሥራዬ ስፌት ነው፤ ስድስተኛው መስመር፣ የጃኬት ኪስ መግጠም።
አለቃችን ሩዋን የስሪላንካ ሰው ነው፣
እንግሊዝኛውን ግን ሌስተር ከተማ፣ ካንድ ፋብሪካ ነው የለቀመው፤
ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከሻይ ሰዓት ወሬ፣
ለዚህ ነው መሰለኝ ቃሉ የሚሆነው አንዴ በግ፣ አንዴ አውሬ።

የመጀመሪያው ቀን «ሀንግ ኦን» አለኝ።
ሀንግ ማለት መስቀል፦ ዘጠነኛ ክፍል፣ መምህር ይማም ያስተማሩኝ፣
ወላሂ እንዳልረሳው በኩርኩም ያስጠኑኝ።
ጃኬቱን ሰቀልኩት።
ደግሞ «ሀንግ ኦን» አለኝ፤ ሌላ ጃኬት ሰቀልኩ።
ለካስ «ቆይ» ማለቱ ኖሯል፣ «ታገሽኝ ጥቂት»፣
እኔ አሥራ ሰባት ጃኬት ሰቅዬ ቆየሁት።

በማግስቱ ስልክ ይዞ «ሀንግ አፕ» ሲል ሰማሁ፣
ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ፣ የሚሰቀል አጣሁ።
ስልኩን ዝጋው ኖሯል።
ቅዳሜ ማታ ደግሞ ለሁላችን፣ «ነገ ሀንግ አውት!»
ጦይባ ተናደደች፦ «በዕረፍት ቀናችን ልብስ ልናሰጣለት?»
ኧረ እሱስ ቦርከና ዳር፣ ለስላሳ ተይዞ፣
ወሬ ሲቃመስ መዋል ነው፣ ሥራን ቤት አስይዞ።

አንድ መስቀል።
ኦን ሲከተለው ትዕግሥት፣ አፕ ሲሆን ዝምታ፣
አውት ሲሆን ጨዋታ፤
ግሡ ሎሌ ነው ለካ፣ ጭራው ነው ጌታ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት በምሳ ሰዓት።
ትከሻውን ሰበቀ።
«ሰው አለው፣ ሌላው አለው፤ ቃሉም ከቤቱ ራቀ።»

ሳቅሁበት። ማታ ግን፣ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ፣
ሳቄ ዞሮ ወደ እኔው መጣ።
«ዘነበ» አለ ረዳቱ መስኮቱን እየዘጋ፣
«ዘነበልኝ» አለች የሐይቅ ገበሬ፣ ጤፏን ዘርታ ስትሰጋ፤
ጦይባ ግን «ዘነበብኝ!» ብላ ራሷን ያዘች፣
ጠዋት አንሶላዋን አስጥታ ነው የወጣች።
ከሰማይ የወረደው ያው አንድ ውሃ ነው፣
«ል» ባርካ ስትቀበለው፣ «ብ» ናት የረገመችው።

ያን ሌሊት ደብተሬን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ፣ በራሴ ቋንቋ፦
ፈረደለት፣ ፈረደበት፤ ዳኛው ያው፣ ችሎቱም ያው።
ስም ወጣለት፣ ድግስ ነው፤ ስም ወጣበት፣ ሐሜት።
ገባ፣ በበር በኩል። ገባኝ፣ በየት በኩል እንደሆነ እንጃ።

ለሩዋን አስተማርኩት። ምላሱ «ብኝ» ላይ ይሰናከላል፣
ክር በተበጠሰ ቁጥር «ተበጠሰልኝ!» ይላል፣
መስመሩ በሳቅ ይፈርሳል።

ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ ኮንትራቱ ሲያበቃ፣
«ሐሙስ ቴክ ኦፍ» አለኝ።
ቴክ ኦፍ ማውለቅ ነው፤ ጃኬቱን አየሁት፣
«ሞቀህ እንዴ?» አልኩት።
ዝም አለ።

ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል
አንድ ድምፅ መጥቶ ጣሪያችንን ቧጨረው።
ሃምሳ ማሽን ባንዴ ዝም ሲል እንዴት ያስፈራል!
ጃኬቱ መስቀያው ላይ ነበር፣ እዚያው እንዳወለቀው፤
ሰውየው ሁለቱንም ፍቺ ባንድ ቀን ፈጸመው።

ማታ በሚኒባሱ መብራት፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣
«ሄደ» ብዬ ጻፍኩኝ።
ጦይባ አንገቷን አስግጋ አነበበችና፣
«ልኝ ነው ወይስ ብኝ?»

«ሀንግ ኦን» አልኳት።
ደሴ ለመድረስ ገና ሁለት ኩርባ ቀርቶን ነበር።