ስንት ሳህን በልተሻል?

ዳቶ ሰፈር፣ ከፓርኩ ጀርባ፣ በተከራየነው ግቢ፣
ጥር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
የጥራት ተቆጣጣሪዋ ማዳም ቦክሱን
ሙቀጫ ልትዋስ መጣች።
ያ የተንሻፈፈ ስፌት አይቶ የማያልፍ ጣቷ
የዚያን እሁድ ዱቄት ለብሶ ነበር።

ሩዙን አሳድራ ዘፍዝፋ፣
ወንፊት ላይ ጨርቅ ዘርግታ በእንፋሎት አብስላ፣
«ጋሊቴ፣ ዘነዘናውን ያዢ» አለችኝ።
አንዴ እኔ፣ አንዴ እሷ።
የማውቀው እህል ሲወቀጥ ይደቃል፤
ይሄ ግን በተመታ ቁጥር ይያያዛል፣
በተመታ ቁጥር ይለሰልሳል፣
ዘነዘናውን አልለቅም ይላል
ገበያ የምትሄድ እናቱን ቀሚስ እንደያዘ ልጅ።

«ምን ይባላል?»
«ጠክ» አለች፣
ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ ሰማሁት።
አከራያችን እትዬ ሻሼ ከበራፍ ሆነው
«የሚበላ ነው ወይስ ሳሙና?» አሉ።

በሰሊጥ ዘይት እጇን አርሳ አድቦለቦለችው፤
እንደ ጧፍ ረዘመ፣ እንደ ጧፍ ነጣ።
«የሚረዝመው ዕድሜ እንዲረዝም ነው።»
ሲቀዘቅዝ በአግድሞሽ ከታተፈችው፤
«ይሄ ደግሞ ሳንቲም ነው» ብላ ሳቀች፣
ደሞዝ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ልጅ መቶ ቀን ሲሞላው ነጩን፣
መከር ሲገባ ግማሽ ጨረቃውን፣ በጥድ ቅጠል ላይ፣
ሰው ቤት ሲቀይር ቀይ ባቄላ የለበሰውን
ለጎረቤት ያድላሉ አለችኝ።
«እኔ ስመጣ አላደልኩም፤
እዚህ ማንን አውቃለሁ ብዬ።»
ጥቂት ዝም አለች። አባ ኮዳ ቆርቆሮው ላይ አረፈ፣
የሥጋው ሽታ ጠርቶት።

በሬ መረቁ ፈላ። ሳንቲሞቹ ገቡ።
ዘመን ሲለወጥ አንድ ሳህን ካልበሉ
ዓመት አይጨመርም፣
ስለዚህ አገሯ ዕድሜ ሲጠየቅ
«ስንት ሳህን በልተሻል?» ነው።
ጠየቀችኝ።

መታወቂያዬ ሃያ ሁለት ይላል።
የቀበሌው ጸሐፊ ቁመቴን አይቶ የጻፈው ነው።
እናቴ ግን ሁላ ላይ እንሰቱ የጠወለገ ዓመት ነው ትላለች፤
ያ የትኛው ዓመት ነው? ሁለቴ ጠውልጓል።
አባቴ ስወለድ የተከለው እግር
ቆጮ ሆኖ ተበልቶ አልቋል፤
ማንም አልቆጠረም፣
ስንበላ ዕድሜዬን እንደምንበላ አላወቅንም።

«አላውቅም» አልኳት።
«እኔም አንድ ይጎድለኛል» አለች።
ስልሳ አንድ ዓመት፣ ስልሳ ሳህን፤
እናቷ በሞተች ዓመት ምድጃው አልተነደደም።
«ያ ዓመት የት እንደገባ እንጃ።
ምናልባት አንቺ ጋ ነው፤ ብዪ።»

በላሁ። ሾርባው ቀለለኝ፣ ጠኩ ከበደኝ፣
ጥርሴን ያዘ፣ ታኘከ፣ ታኘከና እሺ አለ።
«በይ እንግዲህ፣ አንድ» አለችኝ።

ሰኔ ላይ ኮንትራቷ አለቀ። ባጃጁ ድረስ ሸኘናት፤
እትዬ ሻሼ ግማሽ ኪሎ ቆሎ ያዙላት።
መስመር አራት ላይ ሌላ ተቆጣጣሪ መጣ፣
እሱም ስፌት ያፈታል።

ዘንድሮ ጥር መገባደጃ ላይ
የፎገራ ሩዝ ገዛሁ፣ ዘፈዘፍኩ፣ ወቀጥኩ።
አልያያዝ አለ።
መታሁት፣ ለመንኩት፣ ሰሊጥ ቀባሁት፤
ሾርባው ውስጥ ሲገባ ተበተነ፣
ጧፍም ሳንቲምም ሳይሆን
ገንፎ ሊሆን ያሰበ ነገር ሆነ።

የግቢውን ሰው ጠራሁ፤ መምጣቴን ሳላሳውቅ
ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁና።
የእትዬ ሻሼ የልጅ ልጅ ቡሪሶ
አፉን ሞልቶ «የምን በዓል ነው?» አለ።

«ልደቴ ነው።»
«ስንት ሞላሽ?»

ሳህኔን ዘቅዝቄ አሳየሁት፤ «ሁለት።»

ከሳቁ የተነሳ ትን አለው፤
ጀርባውን መታሁለት፣
ቀስ ብዬ፣
ሩዝ እንደሚወቀጥ።