አርባ አንደኛው

ሌትብሪጅ ላይ ነፋስ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ፤
ካርድ አይመታ፣ ጓንት አያጠልቅ፣ አለቃ አይጠብቅ።
እኛ ኋላ በየተራ፣ ዓይናችን በብርድ እያነባ፣
ወደ ድንቹ፣ ወደ ዘይቱ፣ ሰው ከሰው ወደማይደማመጥበት ጭንቅ።

ድሮ ሥልጠና ቪዲዮ ነበር። መብራት ይጠፋል፣
ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ ያንኮራፋል፣
ሲበራ እንፈርማለን፤ ያየነው ሁሉ በር ላይ ይረግፋል።

በጥቅምት ግን ብሬንዳ መጣች፣ ታብሌት በካርቶን ተሸክማ፤
«ሥልጠና ቀረ! ከዛሬ ወዲያ ጨዋታ ነው» አለች፣ ፈገግታዋን አስቀድማ።
«ለመለሰ ኮከብ፣ ለፈጠነ ነጥብ፣
ወሩን ለመራ ፒዛ፣ ለሙሉ ቤተሰብ!»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፣ ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት፤
እዚህ ግን ጌታው ራሱ ነው ነጥብ የሚይዝ፣ የሚቆጥር ስሕተት።

ስማችን ግድግዳ ላይ ወጣ፣ አርባ አንድ ሰው፣ እንደ መሰላል።
መጀመሪያ ሳቅሁ፤ «በዚህ ዕድሜ ኮከብ ያምራል?»
ቀጥሎ የስድስተኛ ክፍል ካርዴ ትዝ አለኝ፣ ጥጉ የታጠፈው፦
ከስልሳ ሁለት ተማሪ ሁለተኛ።
አባቴ ብዕሩን እንደያዘ፣ ገና ሳይፈርም፣
«አንደኛዋ ማናት?» ነበር ያለኝ።
ሌላ ምንም።

እናም ተያያዝኩት። አውቶቡስ ላይ፣ እረፍት ላይ፣ ልጄ ሲተኛ፣
ጣቴ ኮከብ ለቀመ፣ ምስር እንደምትለቅም ሙያተኛ።
እሳት ቢነሳ? ጢንግ። ሰው ቢንሸራተት? ጢንግ።
አሞኒያ ቢያመልጥ? ጥያቄው ሳያልቅ፣ አረንጓዴዋን፦ ጢንግ!
በኅዳር ማለቂያ፣ ከመሰላሉ አናት፣
ትርንጎ ይላል። አባቴ ቢኖር እለው ነበር፦ «ይቺ ናት።»

ከታች፣ ከሁሉ ሥር፣ ሀርካ ባሃዱር።
ከቡታን ተባሮ፣ ኔፓል መጠለያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲኖር
ሰልፍ ነው የተማረው። «መጨረሻ የቆመን» ይላል፣
«ከኋላ የሚገፋው የለም።» ይህን ብሎ ሻዩን ይጠጣል።
ያችን የአሞኒያ ጥያቄ ዐሥራ አንድ ጊዜ ሳታት።
በሳተ ቁጥር አንዲት የካርቱን ድንች እንባዋን ታፈሳለች፤
እሱ መነጽሩን ወልውሎ፣ ከሥሯ የወጣውን ጽሑፍ
ፊደል በፊደል ይለቅማል፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ።
እኛ ከጀርባው እንስቃለን።
እንዲያውም እኔ ከሁሉ አብልጬ።

ጥር ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
የሆነ ነገር ዓይኔን ወጋኝ፤ ጉሮሮዬ አልታዘዝ አለ፤ ደወሉ ጮኸ።
በቆምኩበት ቀረሁ። እውነቴን ነው። አንደኛዋ እኔ
አረንጓዴ ቁልፍ ፈለግሁ ከግድግዳው፣ በጣቴ፣ በዓይኔ።
ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቁ በር፣ መኪና ወዳቆመበት ጎረፈ።
«ነፋስ!» አለ አንድ ድምፅ። «ነፋሱ ወደዚያ ነው! በምዕራብ!»
ሀርካ ነው፣ እጁን ዘርግቶ ከበሩ ፊት የተገተረ፣
ሮሄልዮን በትከሻው፣ እኔን በጀርባዬ እየገፋ፣
ያ የሚገፋው የሌለ።

ወጣን፣ ነፋሱን ፊት ለፊት፣ በረዶው ጥርሳችን ላይ፤
ጉሙ ከወዲያ በኩል መኪኖቻችንን ሲውጥ እስኪታይ።
ተቆጠርን። አርባ አንድ።
መጨረሻ የወጣው፣ እንደ ልማዱ፣ እሱ ነበር።

ሰኞ ፒዛው መጣ፣ በስሜ። ሰሌዳው አልተነካ፦
አንደኛ ትርንጎ። አርባ አንደኛ ሀርካ።
«ጨዋታው» አለች ብሬንዳ፣ ተቸግራ፣ «ለእንዲህ ያለው ነጥብ የለውም።»

ማታ፣ ልጄ የተወውን የፒዛ ጠርዝ እያኘክሁ፣
ያችን ጥያቄ ከፈትኩና ሆን ብዬ ተሳሳትሁ።
ድንቿ አለቀሰች። ከእንባዋ ሥር አንድ ገጽ ተዘረጋ፦
ካርታ፣ በሮች፣ የነፋስ ቀስት። አይቼው አላውቅም።
ለተሳሳተ ብቻ ነው የሚከፈት።

ነፋሱ መስኮቱን ይደልቃል። ጣቴን ከመስመሩ ላይ አኑሬ
ፊደል በፊደል አነበብኩ፣ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ።
ስጨርስ ሁለተኛ ሆኛለሁ።
ደግሜ ተሳሳትሁ።